በእኔ ፋንታ የተቀጠረው ኮት

በተቀጠርኩባቸው ሰባት ወራት ውስጥ አንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ ተጨብጭቦልኛል፤ አንድ ጊዜ የኮሚቴ አባል ሆኜ ተመርጫለሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ «ከወንበሩ የማይጠፋ ሠራተኛ» ተብዬ ስሜ በሪፖርት ተጠቅሷል። ታዲያ እንዳትቀኑብኝ። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ አልነበርኩም። የነበረው ኮቴ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ፣ አለዚያ ቀጣፊ ትሉኛላችሁ።

ሰቆጣ ውስጥ፣ ጋሽ አዳነ የሚባሉ ሰው ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ሰዎች በስልካቸውና በኮምፒውተራቸው የሚገለገሉበትን ፕሮግራም እጽፋለሁ። ደንበኞቼ አዲስ አበባም፣ ናይሮቢም፣ ከዚያም ማዶ ያሉ፣ ፊታቸውን አይቼ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። ጣራው ላይ አንድ ሶላር፣ መስኮቱ ሥር አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ላፕቶፕ፣ እላዬ ላይ አንድ ጋቢ፤ መስሪያ ቤቴ ይኸው ነበር። አለቃ የለኝም፣ ባልደረባ የለኝም። ቀኑን ሙሉ የማወራው ከፕሮግራሙ ጋር ነው። «ምነው? ምን አጎደልኩብህ? ትናንት ደህና አልነበርክም?» እለዋለሁ። እሺ ሲለኝ ደግሞ «ጎሽ! የኔ አንበሳ!» ብዬ ጠረጴዛውን እመታለሁ። ጋሽ አዳነ መጀመሪያ ሰሞን ይህን በበር በኩል ሰምተው፣ ጸበል ብንወስደው ይሻል ይሆን ብለው ከባለቤታቸው ጋር ተማክረው ነበር አሉ።

አምስት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ደስ ብሎኝ ነው የኖርኩት። ለካ በሰፈሩ ዘንድ ሥራ ፈት ኖሬአለሁ!

ሥራ ማለት እኮ ጠዋት ከቤት መውጣት ነው። ሰውየው ወጥቶ የት እንደዋለ፣ ምን እንደሠራ ማንም አይጠይቅም። ወጥቷላ! ቤቱ የዋለ ሰው ግን ወይ ታሟል፣ ወይ ሥራ አጥቷል። አንዲት ጎረቤታችን በመስኮቴ ባለፉ ቁጥር ከንፈራቸውን ይመጡልኝና «አይዞህ ልጄ፣ እግዚአብሔር አንድ ቀን ያስብሃል» ይሉኛል። እኔ በዚያች ሰዓት ሦስት አገር ውስጥ ያሉ ሰዎች መጠገኑን የሚጠብቁትን ብልሽት እየጠገንኩ ነው። «አሜን እማማ» እላለሁ። ምን ልበል?

ይህ ሁሉ ባልገደደኝ ነበር፣ ለምለም ባትኖር።

ለምለም አስተማሪ ናት። ሁለት ዓመት ያህል ተዋወቅን፣ ተዋደድን፣ እንጋባ ተባባልን። አባቷ አያ ኪሮስ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሰቆጣ ዙሪያ ውስጥ ይኖራሉ፤ ንብ አናቢ ናቸው። ንግግር አያበዙም። ኽምጣኛም አማርኛም ይናገራሉ፤ በሁለቱም ዝም ይላሉ። የለምለም ታላቅ ወንድም ሲሳይ ለሥራ ብሎ አረብ አገር ከሄደ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ ቤት ውስጥ የቀረቻቸው እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ ነገሩ በወጉ፣ በሽማግሌ መሆን ነበረበት።

ጋሽ አዳነን ለመንኳቸው። ሁለት የተከበሩ ሰዎች ጨምረው፣ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። ሲመለሱ ግን ነጠላው ነጭ እንደሆነ ነው፤ ፊታቸው ጠቁሯል።

«አሳፈርከን» አሉኝ ጋሽ አዳነ።

«ምን ሆኑ?»

«ምን እሆናለሁ! ዘርህን ተናገርን፣ ጠባይህን ተናገርን፣ ሁሉ ደህና ነበር። መጨረሻ ላይ ሰውየው ቀና ብለው ‹ይሄን ልጅ ስፈልገው የት አገኘዋለሁ?› አሉና ቁጭ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«እኔማ ምን ልበል? ጋቢ ለብሶ ቤቴ ይውላል፣ ለብቻው ያወራል ልበል? ‹ሥራ እየፈለገ ነው፣ ሰሞኑን ያገኛል› አልኩ። እሳቸውም ‹እንግዲያው ሲያገኝ ኑ› ብለው ሸኙን።»

አይ ጋሽ አዳነ! ማታውኑ ለምለም ደወለች። አባቷ አንዴ ከአፋቸው የወጣ ነገር እንደማይመለስ ነገረችኝ፤ ደግሞ አንድ የባንክ ሠራተኛ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑንም ሰምታለች። «እኔ አንተን ነው የምፈልግ» አለች፣ «አባቴን ግን አስለቅሼ ከቤት አልወጣም። አንድ ልጁ ያስለቀሰው ይበቃዋል። እባክህ የሆነ ቦታ ግባ።»

የሆነ ቦታ ገባሁ።

የገባሁበትን መስሪያ ቤት ስም አልነግራችሁም፤ ሰዎቹ ደግ ናቸው፣ ክፉ አላዩብኝም። ግድግዳቸው ላይ «ሶፍትዌር ኢንጂነር» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁና ተመዘገብኩ። ለፈተናው ብዬ ቡናማ ኮት ገዛሁ። ትከሻው ከእኔ ትከሻ አልፎ ይሄዳል፣ እጅጌው ግን ከእጄ በፊት ያልቃል። ለሁለት ሰዎች የተሰፋ ነው የሚመስለው። ፈተናው በወረቀት ነበር፤ «የኮምፒውተርን ጥቅሞች ዘርዝር» ይላል። አምስት ዓመት ሙሉ በኮምፒውተር እየኖርኩ ጥቅሙ ጠፋኝና አራት ብቻ ጻፍኩ። ጎኔ የተቀመጠው ልጅ አሥራ አንድ ጽፏል። ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ሰብሳቢው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ይሄ እንኳ የቢሮ ሰው ነው» አሉ። ልብ በሉ፣ ገና ከመጀመሪያው ያለፈው ኮቱ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን በሰላምታ አለቀ። አምስት ዓመት ጠዋት ጠዋት ሰላም የምለው የጋሽ አዳነን አህያ ነበር፤ እሷም ብዙ አትጠይቅም። እዚህ ግን አሥራ ሰባት ሰው አለ። እያንዳንዱ እንዴት አደርክ ይላል፣ ቤተሰብ ይጠይቃል፣ ከብት ይጠይቃል፣ ሳላገባ «ልጆች እንዴት ናቸው?» ይለኛል። መላሹም እኔ ነኝ፣ ጠያቂውም እኔ። አሥራ ሰባተኛው ጋ ስደርስ የመጀመሪያው ከሻይ ተመልሶ «እንዴት ዋልክ?» አለኝ። ቤቴ ስገባ መንጋጋዬን አሞኛል።

ሁለተኛው ቀን ወንበርና ጠረጴዛ ተሰጠኝ። ኮምፒውተር የለም። «በሂደት ላይ ነው» አሉኝ። ይሁን ብዬ በሦስተኛው ቀን የራሴን ላፕቶፕ ይዤ መጣሁ። ጥበቃው በር ላይ አስቆመኝ።

«ይህን ስትገባ አሳየኸኝ እንጂ ስትወጣ የመስሪያ ቤቱ እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ? ደብዳቤ አምጣ።»

ደብዳቤውን የሚጽፉት የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ዝናሽ ናቸው፤ እኔም የተመደብኩት እሳቸው ክፍል ነው። ደብዳቤ ለመጻፍ ግን መብራት ያስፈልጋል፤ መብራት የለም። የተቀጠርኩት ደግሞ ምን እንድሠራ መሰላችሁ? የደብዳቤ መከታተያ ፕሮግራም እንድሠራ! ማለት፣ ደብዳቤ የት እንደደረሰ ሰው ሳይንከራተት በኮምፒውተር እንዲያውቅ። ያለ ኮምፒውተር፣ ያለ መብራት፣ ያለ ደብዳቤ ቁጭ ብዬ ሥራዬን ጀመርኩ።

እስከዚያው ሌላ ሥራ አልጠፋም። ሶፍትዌር ኢንጂነር ማለት በመስሪያ ቤቱ ትርጉም ሽቦ ያለውን ነገር ሁሉ የሚጠግን ሰው ነው። ፕሪንተር ወረቀት ነከሰ፣ ጥሩት። ስልኬ አይጮህም፣ ጥሩት። ፍላሽ ላይ መዝሙር ጫንልኝ። አንዷማ የልብስ መተኮሻ ይዛልኝ መጣች። «ይሄ የእኔ ሙያ አይደለም» ስላት፣ «ታዲያ ምን ተማርክ?» አለችኝ፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። መተኮሻውን ጠገንኩት።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ከርሜ፣ አንድ ቀን ኮቴን ለብሼ፣ እጄን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ወይዘሮ ዝናሽ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ኮትህን ልበሰው ያለህ ማነው?»

«እንዴት?»

«ኮት እኮ የሚሰቀል ነው። ወንበርህ ላይ ስቀለው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ትፈርማለህ፣ ኮትህን ትሰቅላለህ፣ ጉዳይህን ትጨርሳለህ። ማንም ቢመጣ ‹አለ፣ ኮቱ ይኸው› እላለሁ። የእኔን ሹራብ አታያትም? ዘጠኝ ዓመቷ ነው እዚህ ወንበር ላይ። ብርድ ሲመታኝ እንኳ አላነሳትም፤ የሥራ ነች።»

ሴትየዋ ክፋት የላቸውም። እውነቴን ነው። መብራት በሌለበት ቤት አሥራ ሰባት ሰው ተፋጦ መዋሉ ምን ያደርጋል ብለው ነው።

እኔም አሰብኩበት። ቤቴ ሶላር አለ፣ ኢንተርኔት አለ፣ ላፕቶፕ አለ። የመስሪያ ቤቱን ፕሮግራም የምሠራበት ሰፈር ቢኖር እዚያ ነው። ስለዚህ ኮቴን ሰቀልኩና ቤቴ ሄጄ ሥራ ጀመርኩ። እንግዲህ ምን ተለወጠ? ያው ጋቢ፣ ያው መስኮት፣ ያው ለብቻ ማውራት። ልዩነቱ አሁን ሥራ አለኝ።

ግን አንድ ጣጣ መጣ። ጎረቤታችን እማማ እንደገና በመስኮት አዩኝ። «ውይ! አባረሩህ እንዴ ልጄ?» ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሥራ ላይ ነኝ ብላቸው ማን ያምነኛል? ይህ ወሬ ደግሞ የለምለም አባት ዘንድ ቢደርስ አለቀልኝ። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። ጠዋት ሁሉም እያየኝ በሬን ከውጭ በቁልፍ እዘጋና ኮቴን ለብሼ እወጣለሁ። ፈርሜ፣ ኮቴን ሰቅዬ፣ በጓሮ በኩል እመለስና በኋላው መስኮት ተንጠልጥዬ እገባለሁ። የፊት መስኮቱን እዘጋለሁ። ድምፅ አላሰማም። ፕሮግራሙ እሺ ሲለኝ «ጎሽ» የምለው በሹክሹክታ ሆነ። ሰው የገዛ ቤቱን በመስኮት የሚገባው ሥራ ስለያዘ ነው ብላችሁ ማን ያምናችኋል? እኔ ግን ሁለት ሱሪ ቀድጄበታለሁ።

ኮቱ ግን በመስሪያ ቤት ኑሮው ቀናው። ኃላፊው በር ላይ ብቅ ይሉና ወደ ወንበሬ እያዩ «ሪፖርቱ አርብ እንዲደርስ» ብለው ይሄዳሉ። ኮቱ ዝም ይላል። ዝምታውን ወደዱለት። ሻይ የምታዞረው ልጅ ፊቱ ሻይ ታስቀምጥለታለች፤ ወይዘሮ ዝናሽ እንዳይቀዘቅዝ ይጠጡለታል። የኮሚቴ ምርጫ ሲመጣ ስብሰባው በእኛ ክፍል ስለነበር፣ «እሱም አለ፣ ኮቱ ይኸው፤ ተቃውሞ ካለው ይናገር» ተባለና በሙሉ ድምፅ ተመረጠ። የፕሮግራሙ ትግበራ ኮሚቴ አባል ሆነ ማለት ነው። ፕሮግራሙን እኔ ቤቴ እሠራለሁ፣ ኮቴ ስለ ፕሮግራሙ ይሰበሰባል። በዓመቱ አጋማሽ ግምገማ ላይ ከኔ በላይ ነጥብ ያገኘ አልነበረም። «ከወንበሩ የማይጠፋ» የተባልኩት ያኔ ነው። የሰዓት ችግር አለባቸው ከተባሉት መካከል ደግሞ አንደኛው ሁልጊዜ እየገባ እየወጣ የሚሠራው ሾፌር ነበር።

ጋሽ አዳነ ለሁለተኛ ጊዜ ሽማግሌ ሆነው ሄዱ። አሁን ደረታቸውን ነፍተው ነው። «የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ወንበር አለው፣ ኮሚቴ ነው!» ብለው ተናገሩ። አያ ኪሮስ ሰምተው ሰምተው፣ «መልካም። መጥቼ አየዋለሁ» አሉ። ቀን አልቆረጡም።

ለምለም ተጨነቀች። «አባቴ ሲመጣ ወንበርህ ላይ እንዲያገኝህ። ሌላ ነገር አልፈልግም። እንዲያገኝህ ብቻ።»

ቀላል ነው አልኩ። ገበሬ ከተማ የሚወጣው በገበያ ቀን ነው። ስለዚህ በገበያ ቀን በገበያ ቀን ጥርሴን ነክሼ ወንበሬ ላይ እውላለሁ፤ በሌላው ቀን ኮቴ ይውላል። ሦስት ገበያ አለፈ፣ አልመጡም። ብልጥ ነኝ ያልኩ ሞኝ እኮ ነኝ! ሰውየው ሊያዩኝ እንጂ ሊገበዩ አይደለም የሚመጡት።

የመጡት በተራ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እኔ ያን ቀን ከበላይ መስሪያ ቤት እንግዶች ሊመጡ ነውና ፕሮግራሙ ይጠናቀቅ ተብዬ፣ በተዘጋ በር፣ በተዘጋ መስኮት፣ ውስጥ ሆኜ እሠራለሁ። የሆነውን የሰማሁት ከወይዘሮ ዝናሽ አፍ ነው።

አያ ኪሮስ ገቡ፤ ስሜን ጠሩ።

«አለ» አሉ ወይዘሮ ዝናሽ። «አሁን ወጣ ብሎ ነው። ኮቱ ይኸው፣ ይቀመጡ አባቴ።»

ተቀመጡ። ከኮቱ ፊት ለፊት። ዱላቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ ኮቱን እያዩ። አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሆነ። ሻይ መጣ፤ አንዱ ለእሳቸው፣ አንዱ ለኮቱ። እሳቸው የራሳቸውን አልነኩም። ኃላፊው ብቅ አሉና ለኮቱ «እንግዶቹ ለነገ ተላልፈዋል» ብለውት ሄዱ። አያ ኪሮስ ወደ ወይዘሮ ዝናሽ ዞር አሉ።

«ከማን ጋር ነው የተነጋገሩት?»

«ከልጁ ጋር ነው እንጂ» አሉ ሴትየዋ። ልማድ ሆኖባቸው ነው።

ከዚያ ኮቱ ጮኸ። ስልኬን ኪሱ ውስጥ ረስቼው ኖሯል፤ ለምለም አባቷ መውጣታቸውን ሰምታ ልታስጠነቅቀኝ እየደወለች ነበር። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። እንደገና ጮኸ። ሽማግሌው ንቅንቅ አላሉም። ወይዘሮ ዝናሽ እንዳሉኝ ከሆነ ዓይናቸው እንባ ያቀረረ መሰለ፤ እሳቸው ግን አቧራ ነው ብለው አለፉት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሱ። ኮቱን ከወንበሩ ላይ አነሱት፣ አራግፈው በክንዳቸው ላይ አጠፉት። «አሁንም ጋሽ አዳነ ግቢ ነው የሚኖረው?» ብለው ጠየቁና ወጡ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ ራሴ ነኝ የሰማሁት። ቤቴ ውስጥ ሳለሁ በር ተንኳኳ። ትንፋሼን ዋጥኩ። እማማ ጎረቤታችን ናቸው ብዬ ነው።

«አለህ?» አለ አንድ ድምፅ።

ዝም አልኩ።

ሁለተኛ ተንኳኳ። «አለህ?»

ጣቶቼን ከላፕቶፑ ላይ አንስቼ፣ እንደ ሌባ፣ በገዛ ቤቴ ጋቢዬ ውስጥ ተሸሸግሁ።

ሦስተኛ ተንኳኳ። ከዚያ ቁልፉን በእጅ ነካ አድርጎ ያየ ሰው ድምፅ ሰማሁ። እግር ሄደ። «ተገላገልኩ!» አልኩ። አፈር ልብላ!

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ኮቴን ልወስድ ቢሮ ሄድኩ። ወንበሩ ባዶ ነው። ወይዘሮ ዝናሽ ሁሉን ነገሩኝ። ያለ ኮት ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ኃላፊው በበሩ ሲያልፉ አዩኝና «ይህ ልጅ ማነው?» ብለው ጠየቁ።

በማግሥቱ ማልጄ ተነሳሁ። መንገዱ እስከሚፈቅድ በባጃጅ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት በእግሬ ሄድኩ። በየመንገዱ የምናገረውን ውሸት እለማመዳለሁ። ስብሰባ ነበርኩ ልበል? መስክ ወጥቼ ነበር ልበል? ሁሉም ጥሩ ውሸት ነበር። አያ ኪሮስ ከቀፎዎቻቸው ዘንድ ቆመው አገኘኋቸው። ሰላምታዬን ተቀብለው «ግባ» አሉኝ።

ገባሁ። ግድግዳው ላይ ኮቴ ተሰቅሏል። ከጎኑ ደግሞ ሌላ ልብስ አለ፤ ሰማያዊ ጃኬት፣ ትከሻው ላይ አቧራ የረጋበት።

«ያ የሲሳይ ነው» አሉ፣ እያየሁት አይተው። «ሲሄድ ‹አባቴ፣ ጃኬቴ ይኸው፣ ለሱ ስል እመለሳለሁ› ብሎኝ ነው። ልጅ ነበር፣ ሊያስቀኝ ነው። ሰው ስለሱ ሲጠይቀኝ ‹አለ› እላለሁ። ይደውላል። ድምፁ ስልክ ውስጥ አለ፣ ልብሱ እዚህ አለ። ትናንት ሴትየዋ ‹አለ፣ ኮቱ ይኸው› ስትለኝ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ኋላ ግን ያ ኮት ሲጮህ...»

እኔም የተለማመድኩት ውሸት ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

«ሽማግሎችህን የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው» አሉ። «ስፈልገው የት አገኘዋለሁ አልኩ። ደሞዝ አልጠየቅሁ፣ ወንበር አልጠየቅሁ። ልጄ ብትታመም፣ እኔ ብሞት፣ ዘመዶቼ የማንን በር ያንኳኩ? ይኸው ነው። ገና ሽማግሎችህ ሳይመጡ፣ ለምለም ስምህን ባነሳችልኝ ሰሞን፣ ሦስት ገበያ በዚያ ግቢ በኩል አልፌ አይቼሃለሁ። ሦስቱንም ቀን መስኮትህ ሥር ነበርክ። ለብቻህ ታወራለህ፤ እኔም ከንቦቼ ጋር አወራለሁ፣ ምን ነውር አለው? ይሄስ ልጅ ይገኛል ብዬ ነበር። ሽማግሎችህ መጥተው ‹ሥራ እየፈለገ ነው› አሉኝ። እዚህ አገር ሥራ ሊፈልግ የተነሳ ልጅ የት እንደሚሄድ አላውቅምን? ይሄም ሊሄድብን ነው አልኩ።»

አይ ጋሽ አዳነ! አይ እኔ! «መስኮቱ ሥር ነው» ቢሏቸው እኮ ነገሩ ያን ቀን አልቆ ነበር።

«ትናንት በርህን ሦስት ጊዜ መታሁ» አሉ።

«ውስጥ ነበርኩ» አልኩ።

«ቁልፉ ከውጭ ነው የተዘጋው።»

«በመስኮት ነው የገባሁት።»

«የማን ቤት ነው?»

«የራሴ።»

«ምን ልትሠራ ገባህ?»

«የመስሪያ ቤቱን ሥራ።»

የአያ ኪሮስ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው። በኽምጣኛ አንድ ነገር አሉ፤ ምን እንዳሉ አላወቅሁም፣ ስለኔ እንደሆነ ግን አልጠፋኝም። ሳቁ፣ እንባቸውን ጠረጉ፣ እንደገና ሳቁ። ከዚያ ድንገት ፊታቸው ኮስተር አለ። ተነስተው ኮቱን ከግድግዳው ላይ አወረዱና ጭኔ ላይ አደረጉት።

«ልበሰው» አሉ። «እኔ ቤት ባዶ ልብስ አንድ ይበቃኛል። ሁለተኛውን መጠበቅ አልችልም። ያን መስሪያ ቤት ለቅቀህ በርህን ክፈት፣ ከዚያ ሽማግሎችህን ላክ።»

ኮቴን ለበስኩ።

በሳምንቱ የመልቀቂያ ደብዳቤዬን አስገባሁ። ኃላፊው ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። «ሌላው ይልቀቅ፣ አንተ? በፈለግንህ ሰዓት የምትገኝ አንተ ብቻ ነበርክ እኮ!» ክሊራንስ ለመጨረስ ያልተቀበልኩትን ኮምፒውተር አለመቀበሌን አራት ቦታ አስፈረምኩ። የሠራሁትን ፕሮግራም በፍላሽ አስረከብኩ፤ ወይዘሮ ዝናሽ ቁጥር ሰጡት፣ ማኅተም መቱበት፣ ፋይል ውስጥ ከተቱት፣ ፋይሉን መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። እስከዛሬ ማንም አላነሳውም። ስሰናበታቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ይሄ ኮት እንኳ ቢቀርልን... ኮሚቴውም እንዳይጓደል» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ስስቅ አልሳቁም።

ጋሽ አዳነ ለሦስተኛ ጊዜ ሄዱ። የት ይገኛል ሲባሉ፣ «እኔ ግቢ፣ መስኮቱ ሥር፣ ጋቢ ለብሶ» ብለው አንገታቸውን ደፍተው ተናገሩ። አያ ኪሮስም «በቃ፣ ይሄን ነበር የፈለግሁት» አሉ።

ከለምለም ጋር ከተጋባን ዓመት አለፈን። ግቢው ያው ነው፣ መስኮቱ ያው ነው፣ ጎረቤታችን እማማ ያው ናቸው፤ «ሥራውንም ለቀቀ፣ ሚስቱ ናት የምታበላው» እያሉ ከንፈር ይመጡልኛል። «አሜን እማማ» እላለሁ።

አያ ኪሮስ ከተማ በወጡ ቁጥር፣ ገበያም ይሁን ተራ ቀን፣ ወደ ቤት ሳይገቡ በመስኮቴ ሥር ቆም ይላሉ። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ ሁለቴ ነካ ያደርጋሉ።

«አለህ?»

«አለሁ!» እላለሁ ጮክ ብዬ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ።

«ኮትህስ?»

«ለብሼዋለሁ።»

ለብሼዋለሁ፤ ከጋቢዬ በላይ። እጅጌው አሁንም ያጥራል።

«እሺ፣ ሥራህን ሥራ» ይላሉና ይሄዳሉ።